ቆዳችሁን አውሱን

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ ትንሽ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት ኅዳር 29 ቀን የሚውለውን የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ምክንያት በማድረግ በግቢያችን የባሕል ትርኢት ለማቅረብ ታስቦ ነበርና እኔም ከአዘጋጆቹ አንዱ ሆኜ ተመረጥሁ። የተሰጠኝ ሥራ አልባሳት ማሰባሰብ ነበር። የወሎውን፣ የጉራጌውን፣ የሐረሪውን፣ የወላይታውን ከዚህም ከዚያም ብዬ አገኘሁ። የቀረኝ የደቡብ ኦሞ ብቻ ነበር፤ ከሁሉ የበለጠ ጭብጨባ ያስገኛል ተብሎ የተጠበቀውም እርሱ ነበር። በትምህርት ክፍላችን አንድ የሐመር ተወላጅ ስላለ አንድ ማታ ወደ መኝታ ክፍሉ ሄጄ፣ «ያንን በዛጎልና በጨሌ ያጌጠውን የፍየል ቆዳ ከአገር አስመጥተህ አውሰን» አልሁት።

ጓደኛዬ መጽሐፉን ዘግቶ ጥቂት ዝም አለና፣ «የማንን?» ሲል ጠየቀኝ።

«የማንም ይሁን። የእኅትህ ወይም የእናትህ።»

«እናቴ ያላት እርሱኑ ነው። ለእናንተ ካዋሰች እርሷ ምን ትለብሳለች?»

እኔ ሳቅሁ፤ እርሱ ግን አልሳቀም። ቀጥሎ የነገረኝ ይህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቱ ታማ ለሕክምና ወደ ከተማ ይዟት በመጣ ጊዜ፣ መኪና ከወረዱበት ቦታ ጀምሮ ልጆች ከኋላ ከኋላቸው እየተከተሉ በለበሰችው ቆዳ ይሥቁባት ነበር። «እዚያ ሣቁባት፤ እዚህ ደግሞ ልታጨበጭቡላት ነው። ለእርሷ ምን ልዩነት አለው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ተቀይሜ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ጓደኛዬን ኩሩ፣ ነገር የማይገባው ሰው አድርጌ ቈጥሬው ነበር። እኛ ባሕላችሁን ልናከብር ስንነሣ እናንተ እንዴት እንቢ ትላላችሁ? የሚል ነገር በሆዴ ይመላለስ ነበር።

አሁን ነገሩን ሳስበው የሚገርመኝ የራሴ ቅሬታ ነው። እኔ ያደግሁት በደጋው አገር ነው። በልጅነቴ በመንደራችን «ሻንቅላ» የሚለው ቃል ስድብ እንጂ የማንም ስም አልነበረም። በትምህርት ቤት ደግሞ አገራችን የሰው ዘር መገኛ መሆኗን እየተማርን ደረታችንን ነፍተን አደግን። የዚህ ትምክሕት አንዱ ምስክር የተገኘው እዚያው በኦሞ አጠገብ፣ ኪቢሽ በተባለው ስፍራ ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1967 የተገኘው የሰው አፅም ከ230,000 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው በ2022 የወጣ ጥናት ገልጿል። የታችኛው ኦሞ ሸለቆም በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። እንግዲህ ተመልከቱ፤ በዚያ አፈር የተቀበረው አፅም መኩሪያችን ሲሆን፣ በዚያው አፈር ላይ ዛሬ ማሽላ የሚዘራው ሰው መሣቂያችን ነው። አፅሙ የቤት ኪራይ አይጠይቅም፤ መሬቴን መልሱልኝ አይልም፤ ምናልባት ምክንያቱ ይህ ይሆናል።

ለመሆኑ «የደቡብ ኦሞ ባሕል» የምንለው ነገር ምንድን ነው? በእኛ ትርኢት አንድ ልብስ፣ አንድ ጭፈራ፣ አንድ ከበሮ ነው። (ከበሮው ከየት እንደ መጣ እግዜር ይወቅ። የሐመር የሌሊት ጭፈራ፣ ዘፋኞቻችን ስሙን የወሰዱለት ኢቫንጋዲ፣ በጭብጨባና በእግር የሚመታ እንጂ የእኛን ከበሮ የሚጠብቅ አይደለም።) በእውነቱ ግን በዚያ አገር ያለው ልዩነት ደጋውን ከቆላው ከሚለየው ይበልጣል። ሐመርኛ ከኦሟዊ ቋንቋዎች ወገን ነው፤ የዳሰነች ቋንቋ ኩሻዊ ነው፤ ሙርሲኛ የሱርሚክ፣ የኛንጋቶም ቋንቋ የናይሎቲክ ዘር ነው። ይህ ሁሉ የሚነገረው እግረኛ በጥቂት ቀን ሊያቋርጠው በሚችል ምድር ውስጥ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ ሙርሲዎች 7,500 ያህል፣ ሐመሮች ከ46,000 በላይ፣ ካሮዎች 1,500 ገደማ ነበሩ። አንዱ ከሌላው በቋንቋ፣ በሥርዓት፣ በጠላትነትም የሚለይ ሕዝብ ነው። እኛ ግን ሁሉን ጠቅልለን አንድ ቆዳ አልብሰን መድረክ ላይ እናወጣዋለን።

ወደዚያ አገር የሄደ ሰው ሁሉ የየራሱን ዐይን ይዞ ነው የሄደው። በ1890 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር እስከ ቱርካና ሐይቅ፣ ያን ጊዜ ሩዶልፍ ይባል እስከ ነበረው ድረስ ዘምቶ አገሩን ለአፄ ምኒልክ አስገበረ። የዘመቻው ዐይን ያየው ከብት፣ የዝሆን ጥርስና ባሪያ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ሹም ያየው ግብር የማይከፍል «ዘላን» ነው። የአራዊት ጥበቃው ያየው ፓርክ ነው፤ የኦሞና የማጎ ብሔራዊ ፓርኮች ሲከለሉ ሙርሲዎች ከብት የሚያግዱበትና የሚያርሱበት ምድር በካርታው ላይ የአራዊት ሆነ። በመጨረሻም ካሜራ ያንጠለጠለው ቱሪስት መጣ።

በዚህ በቱሪስቱ ነገር ላይ ጥቂት መቈየት እፈልጋለሁ። እንግሊዛዊው የሰው ልጅ ባሕል አጥኚ ዴቪድ ተርተን ከ1960ዎቹ የአውሮጳ ዓመታት መጨረሻ ጀምሮ ሙርሲዎችን ሲያጠና የኖረ ሰው ነው። እርሱ እንደ ጻፈው፣ የሙርሲ ሴቶች በታችኛው ከንፈራቸው የሚያደርጉት ገል ባሪያ ፈንጋዮች እንዳይፈልጓቸው ራሳቸውን ለማስጠላት የጀመሩት ነው የሚባለው ወሬ ማስረጃ የለውም። ገሉ የጎልማሳነትና የክብር ምልክት ነው። ለባልዋ ምግብ ስታቀርብ፣ ከብት ስታልብ፣ በበዓል ቀን ታደርገዋለች፤ ሌላ ጊዜ ታወልቀዋለች። ቱሪስቱ ግን ይህን ሊጠይቅ አይመጣም። መኪናው ቆሞ እስኪነሣ ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ ብዙ ፎቶግራፍ ማንሣት አለበት፤ ለእያንዳንዱም ይከፍላል። ሙርሲዎቹም ይህን ገበያ ስላወቁት በቤታቸው ፈጽሞ የማያደርጉትን ጌጥ፣ የከርከሮ ጥርስና በራስ ላይ የተደፋ ቅርጫት ሳይቀር፣ ለካሜራው ብለው ያደርጋሉ። ቱሪስቱ «ያልተበረዘ ጥንታዊ ባሕል» አየሁ ብሎ ደስ ብሎት ይመለሳል። ያየው ግን ትናንት ለእርሱ ሲባል የተፈጠረ ነገር ነው። ማን ማንን አታለለ? እኔ በሙርሲዎቹ አልፈርድም። በብር የሚገዛ መድኃኒትና እህል ባለበት ዓለም ብር የሚገኝበትን መንገድ አግኝተዋል። ነገር ግን የገዛ ፊትን እየሸጡ መኖር ክብር ያለው ኑሮ ነው የሚለኝ ሰው ካለ ራሱ አንድ ቀን ይሞክረው።

የእኛ የተማሪዎች ዐይን ከዚህ ከካሜራው ዐይን በምን ይለያል? ቱሪስቱስ ይከፍላል። እኛ የጠየቅነው በነፃ ነው።

ባሕል ማለት ልብስና ጭፈራ ነው ብለን ስናምን ከዚህ የባሰ ስሕተት ይከተላል። ባሕል ከሁሉ አስቀድሞ ሰው እህሉን የሚያገኝበት መንገድ ነው። ሙርሲዎች ራሳቸውን የከብት ሰዎች ነን ይላሉ፤ ሙሽራ የሚመጣው በከብት ነው፤ ወዳጅነትም የሚጸናው በከብት ነው። ይሁን እንጂ የሚያኖራቸው ከብት ብቻ አልነበረም። የኦሞ ወንዝ በነሐሴና በመስከረም ሞልቶ ዳርና ዳሩን ያጥለቀልቅና፣ ውኃው ሲሸሽ ጥቁር ደለል ትቶ ይሄዳል። በጥቅምትና በኅዳር በዚያ እርጥብ አፈር ላይ ማሽላ ይዘራል፤ በጥርና በየካቲት ይታጨዳል። ሁለተኛው እርሻ ከወንዙ ርቆ በዝናብ የሚዘራው ነው። ዝናብ ቢከዳ ጎርፉ አለ፤ ሁለቱም ቢከዱ ከብቱ ተሸጦ እህል ይገዛል። ካሮዎችም፣ ኛንጋቶሞችም፣ ዳሰነቾችም በዚሁ ጎርፍ ይዘሩ ነበር። የወንዝ ዳር እርሻ የሌላቸው ሐመሮች ደግሞ ድርቅ ሲመጣ ከካሮ ወዳጆቻቸው ማሽላ ያገኙ ነበር። ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ የወዳጅነት ቃል ኪዳን አለና፣ ፍየልና ማር ወደ ታች ይወርዳል፣ ማሽላ ወደ ላይ ይወጣል። ይህን ሁሉ ያስተሳሰረው ሥርዓት በየትኛው ትርኢት ላይ ቀርቦ ያውቃል?

ግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውኃ መያዝ የጀመረው በ2007 ዓ.ም. ሲሆን የተመረቀው በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ነው። ኃይሉ 1,870 ሜጋ ዋት ነው። ይህን የምጽፍበት መብራትም ከዚያ የሚመጣ ድርሻ አለው፤ ስለዚህ መብራቱን እያበራሁ ግድቡን አልራገምም። ነገር ግን ግድቡ ወንዙን ዓመቱን ሙሉ እኩል እንዲፈስ ሲያደርገው ያ የነሐሴ ጎርፍ እንደ ቀድሞው መምጣቱን ተወ። በተተኪነት ሰው ሠራሽ ጎርፍ ይለቀቃል ተብሎ በዕቅድ ተጽፎ ነበር፤ የወንዙ ዳር እርሻ ግን በቀድሞው መልኩ አልተመለሰም። በጥር 2003 ዓ.ም. በጂንካ በተከበረው የአርብቶ አደሮች ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ያበሠሩት የሸንኰራ አገዳ ልማት፣ በኋላ ኦሞ ኩራዝ የተባለው፣ ከ100,000 ሄክታር በላይ መሬት ታቅዶለት ተጀመረ። ፋብሪካዎች ቆሙ፤ ነባሩ ሕዝብ በመንደር እንዲሰበሰብና ከብቱን እንዲቀንስ ተመከረ።

ጎርፉ ምን ጊዜም ወዳጅ ነበር እያልሁ ግን አይደለም። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ሞልቶ በዳሰነች ምድር በአንድ ጊዜ ቢያንስ 364 ሰው ገድሏል። ወንዝ መግራት ኃጢአት አይደለም። የምጠይቀው ሌላ ነው። አንድ የደጋ ገበሬ ዝናብ ይቀርብሃል፣ ማሳህም ለስኳር ይሆናል፣ ነገር ግን እስክስታህንና የባሕል ልብስህን እናከብርልሃለን ቢባል ምን ይላል? «ባሕላችሁ ተጠብቋል» ማለት ለሙርሲ እንዲህ ያለ ነገር ነው። ማሽላውን ወስደን ገሉን እናደንቃለን። ከብቱን ቀንስ እንለውና በከብት የሚጋባበትን ሥርዓት በሙዚየም እናስቀምጥለታለን።

እዚህ ላይ አንዳንድ ጓደኞቼ የሚያነሡት ክርክር እንዳለ አውቃለሁና አላልፈውም። «ታዲያ ልጅ የሚጥል ባሕል ይጠበቅ ልትል ነው?» ይሉኛል። አልልም። በሐመር፣ በካሮና በበና ሚንጊ የሚባል እምነት አለ። የላይኛው ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ ሕፃን፣ ወይም ተገቢው ሥርዓት ሳይፈጸም የተፀነሰ ሕፃን፣ ድርቅና በሽታ ያመጣል ተብሎ ይጣል ነበር። ይህን የሚከላከል ቃል በአፌ የለም። ነገር ግን ማን እንዳስቀረው እንመልከት። በካሮ ሚንጊ መቅረቱ በሽማግሌዎች የታወጀው በ2004 ዓ.ም. ነው። ለዚህ ዓመታት የደከመው ላሌ ላቡኮ የተባለ የካሮ ተወላጅ ነው፤ ከሕዝቡ መካከል መጀመሪያ ትምህርት ቤት ከገቡት ጥቂቶች አንዱ ሲሆን፣ ሊጣሉ የነበሩትን ሕፃናት እየሰበሰበ ያሳድግ ጀመር። ሽማግሌዎቹን በቋንቋቸው፣ በእሳታቸው ዙሪያ ተቀምጦ ተከራከራቸው። ሕፃናቱ በሕይወት እያሉ ዝናብ መዝነቡን አሳያቸው። እንግዲህ ባሕሉን የለወጠው ባሕሉን የሚያውቅ ሰው ነው።

ስለ ሴቶቹ መገረፍም እንዲሁ። የሐመር ጎረምሳ በተደረደሩ ከብቶች ጀርባ ላይ ራቁቱን እየሮጠ ተመላልሶ ካላለፈ ለጋብቻ አይበቃም። በዚያ ቀን የዘመድ ሴቶች ቀደም ብለው የዘለሉትን ጎረምሶች እየለመኑና እየተገዳደሩ በቀጭን አለንጋ ይገረፋሉ። ጠባሳው በወንድሟ ላይ ያላትን መብት ያጸናል ይባላል፤ በችግሯ ቀን እንዲደርስላት። ይህን ማወቅ ነገሩን እንድረዳው አድርጎኛል፤ እንድወደው ግን አላደረገኝም። ሴቲቱ ራሷ ትፈልገዋለች የሚለው መልስ አያጠግበኝም፤ በእኛም አገር ያለ ዕድሜዋ ስለምትዳር ልጅ ይኸው ይባል ነበርና። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የእኛ ጎጂ ልማድ «ጎጂ ልማድ» ተብሎ ለብቻው ይጠራል፤ የእነርሱ ግን የሕዝቡ ሁሉ መታወቂያ ይሆናል። ያለ ዕድሜ ጋብቻ ስላለ ጎንደሬን አረመኔ ያለው የለም።

በዚህ ቤት የተማሩ ሰዎች ከዚህ የተሻለ ሥራ ሠርተው ያውቃሉ። በ1940ዎቹ ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አንድ የኢትኖሎጂ ማኅበር ተቋቁሞ ነበር፤ በመጽሔቱም ተማሪዎች ስለየአገራቸው ልማድ፣ ስለ ሠርጉና ስለ ለቅሶው እየጠየቁ የሰበሰቡትን ይጽፉ ነበር። ልብስ አላዋሱም፤ ጠይቀው ጻፉ። ኋላም በኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኰንን በተማሪዎች መጽሔት ላይ የብሔረሰቦችን ጥያቄ በግልጽ አነሣ። ጥያቄው አገር ለወጠ፤ ሕገ መንግሥት ገባ። እኔ ግን በእኛ ትውልድ ክርክር ውስጥ ሁልጊዜ ሲጮኽ የምሰማው የሚሊዮኖቹ ጥያቄ ነው። 7,500 ሕዝብ ምን ያህል ድምፅ አለው? የሚለውን ማንም ሲያነሣ አልሰማሁም፤ በመኝታ ክፍሎቻችን እስከ ሌሊት በሚደረገው ሙግት እንኳ።

በቤተ መጻሕፍት ስፈልግ ባልዳምቤ የተባለ የሐመር ሰው ስለ ሕዝቡ ኑሮ የተናገረው ቃል፣ ጂን ላይዳልና ኢቮ ሽትሬከር ጽፈውት በ1979 በአውሮጳ የታተመ ሆኖ አገኘሁ። ስለ ዘር፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ ይናገራል። ብልኅ፣ ተጫዋች፣ አንዳንዴም ነገረኛ ሰው ነው። በእንግሊዝኛ አነበብሁት። የአገሬን ሰው ንግግር ለመስማት የባሕር ማዶ ቋንቋ አስተርጓሚ አስፈለገኝ። ይህ ማፈሪያ የጸሐፊዎቹ ሳይሆን የእኛ ነው፤ እነርሱ ከልጆቻቸው ጋር ሐመር መንደር ገብተው ቋንቋውን ተምረዋል፤ እኛ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ግን ከክፍል ጓደኛችን አንዲት የሐመርኛ ሰላምታ እንኳ አልተማርንም። እኔም አልተማርሁም ነበር።

ያ ትርኢት እንዴት ሆነ? ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ቀረበ። ቆዳ ስላልተገኘ ከመርካቶ ሰው ሠራሽ ቆዳና የላስቲክ ጨሌ ተገዛ። አራት ልጃገረዶች፣ አንዳቸውም ከጂንካ ወዲያ አልፈው የማያውቁ፣ ፀጉራቸውን በቀይ ቀለም ለቅልቀው ዘለሉ። እንደ ተጠበቀው አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጓደኛዬ በዚያ ማታ የት እንደ ነበረ አላውቅም፤ በአዳራሹ ግን አልነበረም። ከወር በኋላ ነው ወደ ክፍሉ ተመልሼ ይቅርታ የጠየቅሁት። ሻይ አፈላልኝ። ስለዚያ ቆዳ ሳልጠይቀው ራሱ አጫወተኝ፤ የታረደችውን ፍየል እናቱ በስሟ ታውቃት ነበር፤ ቆዳውን ፍቃ፣ በቅቤ አልፍታ፣ ጨሌውን አንድ በአንድ የሰፋችው ራሷ ናት። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ድርቅ ፍየሎቻቸው አልቀው ስለ ነበር ታናሽ እኅቱ የምትለብሰው ዛሬ ከዲመካ የቅዳሜ ገበያ የተገዛ ካናቴራ ነው፤ በላዩም የአንድ የእግር ኳስ ቡድን ስም ተጽፎበታል። «እርሷን መድረክ ላይ ብታወጧት ሐመር አትመስልም ትሏት ነበር» ብሎ ያን ጊዜ ሣቀ።

ዘንድሮም ኅዳር ቀርቧል። ለአዘጋጆቹ ኮሚቴ አንድ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ከትርኢቱ ሰዓት ላይ ሠላሳ ደቂቃ ተቀንሶ ጓደኛዬ፣ «በድርቅ ጊዜ በሐመር ማን ከማን እህል ይበደራል» በሚል ርእስ ንግግር እንዲያደርግ፣ ከዳሰነችና ከአሪ የመጡ ሁለት ተማሪዎችም እንዲከተሉት ለምኛለሁ። ጓደኛዬ እሺ ያለው በሁለት ነገር ተስማምተን ነው። የሚናገረው በኮቱ ነው፤ ከንግግሩ በኋላም ማንም ዝለልልን እንዳይለው። ኮሚቴው እስካሁን የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ንግግሩ ከጭፈራው በፊት ይሁን ወይስ በኋላ።